ሰውየው እንዳይሰማ

ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኮምፒውተሩ ዛሬ ደረሰ።

ጥር 9

ሁለት ነው የመጣው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለኃላፊው ለአቶ ያረጋል። እኔ የማየውን እሱም በክፍሉ ሆኖ ያየዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ጠዋት ገጠመልን፣ ከምሳ በኋላ አሳየን፣ ከዚያ ሳይመሽ ባሕር ዳር ልግባ ብሎ ሄደ።

ነገሩ ቀላል ነው። ካርታ አለ። በማውስ ክብ ትሠራለህ። ክቡ ውስጥ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ለሁሉም የሚታይ ነገር የለጠፈ ሰው ቀይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ነጥቡን ስትነካው የጻፈውም ፎቶውም ይከፈታል። በቃ። አሠልጣኙ «እንደ መረብ አስበው» አለኝ። መረብ የሚጥል ሰው ማን እንደሚገባለት ያውቃል?... አልጠየቅሁትም።

የዞኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠሩኝ ሰው። አቶ ያረጋል «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን አቶ ይታገሱ፣ የፀጥታ ሥራ የሁላችንም ነው» ሲለኝ ወዲያው እሺ አልሁ። ለክርክር ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ፤ የያዘው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ።

ለክንዱ ስል ነው። ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው።

ወንድሜ ከነሐሴ ወዲህ የለም። ቡሬ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። ሰልፉ ላይ ከፊት ታየ፤ በሳምንቱ ሊይዙት ሲመጡ በጓሮ ወጣ። አንዱ ሱዳን ገብቷል ይላል። ሌላው በሽንዲ አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል ይላል። ሚስቱ ህይወት ምንም አትልም። በሕይወት ካለ አንድ ቀን ስልክ ይከፍታል። ከከፈተ ነጥብ ይሆናል። ነጥብ ከሆነ አየዋለሁ። ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።

ጥር 10

እዚሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ክብ ሠራሁ። ባዶ። ከተማው ሰው የሌለበት ይመስላል። ካርታውን ሳሰፋው ነጥቡ ሁሉ ሆላንድ ላይ ተከማችቷል።

አቶ ያረጋል መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ሁሉ ሰው መቼ ነው የሄደው?»

«አልሄደም። ፌስቡክ ስለተዘጋ በቪፒኤን ነው የሚገባው። ቪፒኤኑ ሆላንድ ያለ ያስመስለዋል።»

«ስለዚህ አሁን ላህ ወንዝ ዳር የተቀመጠው ሆላንድ ነው?»

«ለማሽኑ፣ አዎ።»

«ያለ ቪዛ!»

ሳቅን። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። መጥፎ ሰው አይደለም። ይሄም ያስቸግራል።

ከሰዓት ቅንብሩን ቀየርሁት። የኢንተርኔት መስመሩን ትቶ፣ ስልኩ በራሱ ፎቶውና ጽሑፉ ላይ የሚያስረውን ቦታ እንዲያነብ። ብዙ ሰው ስልኩ ይህን እንደሚያደርግ አያውቅም። ክንዱ ያውቅ ይሆን?... ነጥቦቹ አንድ በአንድ ከሆላንድ ተመለሱ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት። ቢሮ ዋልሁ። ታቦታቱ ሲመለሱ የኮምፒውተሩ ማያ ከባሕረ ጥምቀቱ እስከ አስፋልቱ ቀላ። አቶ ያረጋል ከክፍሉ እየሮጠ መጣ።

«ከባድ ስብስብ ነው! ምንድን ነው?»

«ታቦት ነው።»

«ታቦት መሆኑን አውቃለሁ!» አፈረ። «ማሽኑ አያውቅም ማለቴ ነው። ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጥምቀት ብለው ይጻፉ።»

«መጠነ ሰፊ ሃይማኖታዊ ክንውን፣ በሰላም ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ።

ጥር 16

ሰፈር ሰምቷል። ማን እንደነገረ እንጃ። ጋሽ ይሄይስ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ የእህል መደብራቸው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ሳልፍ፦

«እንዴት አደርህ፣ የመንግሥት ዓይን!»

«እግዜር ይመስገን። እርስዎስ?»

«የእኔንማ አንተ ታውቃለህ! ትናንት ማታ ስንቴ እንደተገላበጥሁ ንገረኝ እስቲ።»

እህል የሚያሰፍሩት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጃቸው አደይ አልሳቀችም፤ ስልኳን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

ባለቤቴ አምለሰት «ይቅርብህ» አለችኝ።

«ለክንዱ ነው።»

«ለክንዱ መሆኑን ለማን ትነግራለህ?»

ለማንም።

ጥር 18

የታዘዝሁት ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫና ማንኩሳ ነው። ቡሬን ራሴ ጨመርሁ። ከዚያ ሽንዲን። ከሽንዲ በታች እስከ ዓባይ ያለውንም ቆላ። ምክንያት ጻፍ ይላል፤ «ሽፋን የሌለው ክፍተት» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ያረጋል ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «ተነሳሽነት ማለት እንዲህ ነው!»

ጥር 21

ምንም። አንድ የሽንዲ ሰው በሬ ጠፋኝ ብሎ ለጥፏል። ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ቡላ።

ጥር 22

አለ! በሕይወት አለ።

ከሽንዲ በታች አንዲት ነጥብ። የማላውቀው ስም፣ የራሱን መልክ ያላወጣ ሰው። ዓሣ የያዘ እጅ ብቻ። ግራ እጅ። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። ልጅ ሆኖ፣ ማረሻ ሲቀጠቀጥ መዶሻ ያገኘው ጣት... ከሺህ ጣት እለየዋለሁ። ከሥሩ «የጠፋው ጨው ነው እንጂ ዓሣስ ሞልቷል» ይላል። እሱ ነው። ሲርበውም ይቀልዳል።

መቀመጥ አቃተኝ። እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ውጭ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ለአምለሰት ነገርኋት። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ «አንተ ካየኸው ያኛውስ አላየውም?» አለች።

ሁለት ኮምፒውተር። ረስቼው ነበር። እንዴት ይረሳል?

ጥር 23

አይቶታል። ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ነጥቧን ብቻ።

«ቆላ ውስጥ ቪፒኤን የሚከፍት ማን ነው? ገበሬ?»

«ዓሣ አጥማጅ ይሆናል። ምንም የለውም።»

«የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ መቼ ነው ዓሣ የበላው?»

«ክቡን ላጥብበው? ማያው ተጨናነቀ።»

«እንዳትነካ! ያንተ ግኝት እኮ ነው።»

ነጥብ መሰረዣ ፈለግሁ። የለውም። አሠልጣኙ ጋ ደወልሁ። «ሆን ተብሎ ነው» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ከሰው ስልክ ለህይወት ደወልሁ። በግልጽ መናገር አልቻልሁም። «ያ ዓሣ የሚበላው ሰውዬ ፎቶ ማንሣት ይተው፣ ስልኩንም ይጣል» አልኋት።

«በምን አወቅህ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«አንተ ነህ እንዴ የምታየው፣ ይታገሱ?»

ዘጋችው።

ጥር 27

ሽንዲ ኃይል ገባ። ኬላ ተተከለ። ጤና ጣቢያው በር ላይም ጥበቃ ቆመ፤ ከቆላ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው ተብሎ። ይህን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነ አቶ ያረጋል ራሱ ነገረኝ። እሱ ነው። ደስ ብሎታል።

ነጥቧ አልተመለሰችም። ስልኩን ጥሏል ማለት ነው። ጥሩ። ጥሩ ነው?

የካቲት 2

የነነዌ ጾም ተፈታ። ከሽንዲ በታች እርሻ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው የለጠፈው፦ «ወባ ጨረሰን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ መታወቂያ ይሉናል። መታወቂያ የሌለው ይሙት?» አቶ ያረጋል በቢጫ አቀለመው፤ «ቅስቀሳ»።

ክንዱ ወባ አይችልም። ልጅ ሳለ ይዞት እትዬ እናኑ በጀርባቸው አዝለው ነው ሐኪም ቤት ያደረሱት። የእናታችን እህት ናቸው፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ሁለታችንንም ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። «ይህን ልጅ ትንኝ በስሙ ታውቀዋለች» ይሉ ነበር።

ዛሬ በሁሉም ነገር ተነጫነጭሁ። በአምለሰት፣ በበሩ ማጠፊያ፣ በጫማዬ።

የካቲት 4

ቡሬ ሄድሁ። ማንኩሳ ላይ አውርደው ፈተሹን። መታወቂያዬን ያየው ፖሊስ ሰላምታ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ያወራ ሰው የለም።

ህይወት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግባ አላለችኝም።

«አሞታል» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ለአንተ ልንገርህ? እሱንም ክብ ልታደርግበት?»

እትዬ እናኑ ከውስጥ «አስገቢው፣ ወንድሙ ነው» አሉ።

ወባ ነው። ሳምንት አልፎታል። አብረውት ያሉት በቃሬዛ ሊያወጡት ተነሥተው ነበር፤ ኬላውን ከሩቅ ሲያዩ ይዘውት ተመለሱ። ኪኒን የያዘ ሰው ከዚህ ልከው ነበር፤ እሱም ወዴት ነህ ተብሎ ከመንገድ ተመለሰ።

«ኬላውን ማን አመጣው?» አሉ እትዬ እናኑ። የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ።

«ለአለቃዬ ልንገረው? እጁን ይስጥና ይታከም።»

«ይታከማል?» አለች ህይወት። «ዋስ ትሆናለህ? በል፣ እሆናለሁ በል።»

አላልሁም።

ስወጣ እትዬ እጄን ይዘው «ክንዱን አምጣልኝ» አሉ። «ባየኸው ዓይንህ አምጣልኝ።»

የካቲት 6

«የጤና ጣቢያው ጥበቃ ቢነሣ» አልሁት። «ሕዝቡ እየተማረረ ነው።»

«ይልቅ ውጤቱን እይ። ከቆመ ጀምሮ አንድ የሚጠረጠር ሰው አልመጣም።»

«ያልመጣው እኮ ፈርቶ ነው። የታመመም አይመጣም።»

«አየህ? ሠርቷል ማለት ነው።»

ወንድሜ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሻይ መጣ። ሻዩን የምታመጣው ልጅ ስኳር ስንት ብላ ጠየቀችን። ከዚያ ስልኩ ጠራ። አልነገርሁትም። ነገ እነግረዋለሁ። ቢያስሩትስ? የታሰረ ሰው ቢያንስ አለ።

የካቲት 7

ልነግረው ተነሥቼ ነበር። ከቤት ሳልወጣ ከህይወት መልእክት ገባ፦ «መድኃኒቱ ደርሷል። አትደውል።»

እፎይ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ። ለአምለሰት አሳየኋት። አነበበችው፤ ስልኩን መለሰችልኝና «ተመስገን» አለች። ድምፅዋ ቀዘቀዘብኝ። ከእኔ ጋር መጣላቷ ገና አልበረደም ይሆናል።

ስወጣ ጋሽ ይሄይስ አልቀለዱብኝም። ከመደብራቸው ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ደህና ነህ ልጄ?»

ልጄ! በዕድሜ ስንት ቢበልጡኝ ነው? ሴቶቹ ማሰፈሩን ትተው መሬት መሬት አዩ። አደይ ወደ ውስጥ ገባች።

ምን አደረግሁ? ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው አላሳሰርሁም። እስካሁን። የመንግሥት ዓይን ሲሉኝ ይሻል ነበር። የሚቀልድብህ ሰው ጨክኖ አይጠላህም።

የካቲት 8

ዛሬም እንዲሁ። ሁለት ጎረቤቶች ቤቴ በር ላይ ሲያወሩ ደረስሁ። ወሬው ተቆረጠ።

«ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አለኝ አንዱ።

ሰማዩ ጠራራ ነው።

አምለሰትም ስልኳን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። ስመጣ ትዘጋዋለች። እሷም ፈራችኝ?

የካቲት 9

እንዲህ ነው ለካ።

ከሰዓት አንድ ነጥብ ወጣች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ብዙ። የእኔው ሰፈር። አደይ አንድ የኳስ ፎቶ ሥር ለጓደኞቿ የጻፈችው፦ «ቅዳሜ ሳይነጋ እኛ በር ላይ። ሁሉም ለእናት ለአባቱ ይንገር። ስልክ አትደዋወሉ። ሰውየው እንዳይሰማ።» ከሥሩ አንዱ «እሺ»። ሌላው «እንጨቱን እኛ እናመጣለን»። ሌላው «የቡሬዎቹ ነገ ይገባሉ»።

አቶ ያረጋል ቆሞ አነበበው። ላብ ላብ አለው።

«ሰውየው ማለት የዞኑ አስተዳዳሪ ናቸው! እንጨትም አለ። ሊያቃጥሉ ነው! ከቡሬ ደግሞ ሰው እየተጨመረላቸው!»

ሰውየው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ ነኝ። ሊያቃጥሉ ያሰቡት የእኔን ቤት ነው። እነዚያ ዝምታዎች፣ ያ በሁለት እጅ መጨበጥ... ሁሉም ገባኝ።

ሪፖርቱን እኔው ጻፍሁ። ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት። ጋሽ ይሄይስ። አደይ።

ቤት ስገባ አምለሰት ዶሮ ሠርታለች። በሥራ ቀን።

«ጾም ሊገባ ነው፤ ብላ።»

«አልራበኝም።»

«ብላ እንጂ ይታገሱ። በሞቴ ብላ።»

ስታጎርሰኝ ዓይኔን አላየችውም። ነገ ደምበጫ እህቷ ጋ ልልካት ይገባል። ምክንያቱን ሳልነግራት።

የካቲት 10

ከስታዲየሙ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቤት ለመግባት ገና ነው። ያለ ሰዓቴ ከገባሁ ያውቁብኛል።

ጠዋት ሪፖርቱን በፖስታ አሽጌ ወደ ኮማንድ ፖስቱ ይዤ ሄድሁ። አቶ ያረጋል «በእጅህ ስጥ፤ አስፈርመህ ማህተም ያለበት ቅጂ ይዘህ ና» ብሎኛል። መናኸሪያው ጋ ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ሰው ያወርዳል። እትዬ እናኑ ወረዱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

አዩኝ። ቆሙ። እዚያው ፊቴ ላይ ነጠላቸውን ገልብጠው አስተካከሉ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ምነው እትዬ፣ ሳይነግሩኝ?»

«ዓይኔን ላሳይ ብዬ ነው ሆዴ። ሐኪም ቤት።»

ዓይናቸው አብጧል።

«ክንዱስ?»

«ደህና ነው። ደህና ነው የኔ ልጅ፣ ተሽሎታል።»

ባለፈው ሳምንት ቢሆን ኬላውን ማን አመጣው ይሉኝ ነበር። ከኋላቸው፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ሻሽዋን ፊቷ ላይ ስባ ቀረች። ህይወት ናት። አልወረደችም።

ሳይነጋ። ሁሉም ለእናት ለአባቱ ይንገር። እንጨት። ሰውየው እንዳይሰማ... እኔስ በዚህ ዓይነት ስንት ቤት ሄጃለሁ? በጨለማ ተጠራቅመን፣ ለለቅሶው እንጨት ይዘን፣ ሽማግሌ አስቀድመን፣ የተኛውን ሰው ቀስቅሰን። ጎጃም ተወልጄ ጎጃም ሸብቼ፣ መርዶ ሲጠራ አይቼ አድማ ነው ብዬ ጻፍሁ።

መመለስ አልቻልሁም። አቶ ያረጋል ደውሎ ነግሯቸዋል፤ ወረቀቱ ባይደርስም ሌሊት ይመጣሉ፣ ጋሽ ይሄይስን ከነሽማግሌዎቹ ቤቴ በር ላይ ያፍሷቸዋል። ገባሁ።

የኮማንድ ፖስቱ ሻምበል ፖስታውን ቀደደ። አነበበ።

«ሰውየው የሚሉት ማንን ነው?»

«እኔን።»

«አንተን? ምን አድርገሃቸው ነው?»

«መርዶ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የማን?»

«የወንድሜ።»

«ማን ነገረህ?»

«ገና አልነገሩኝም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። «ምን አግኝቶት ነው?»

ሽንዲ ልል ነበር። ክቡ፣ ነጥቧ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ የቆመው ሰው። «ወባ» አልሁ።

«ሰው አልልክም» አለ። «ያልቅሱ።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ግን ጥቆማው የተመዘገበ ስለሆነ መሰረዙም በጽሑፍ መሆን አለበት። ምክንያቱን ጻፍና ፈርም። ማህተም የያዘው ሰው እስኪመጣ አረፍ በል።»

አረፍ አልሁ። ነገ ሲያንኳኩ ከእንቅልፌ እንደባነነ ሰው ሆኜ መክፈት አለብኝ። ምንም እንዳልሰማ። ሰፈሩ ሁሉ ለእኔ ብሎ አፉን ይዞ ሰንብቷል፤ አምለሰት ዶሮ አብልታ አስተኝታኛለች። አላበላሽባቸውም።

«ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ መስመር አለ። ስልኬ ጠራ። አቶ ያረጋል።

«አስፈረምህ? ቶሎ ና እንጂ! ሽንዲ ላይ ክቡን እናስፋው፤ ያቺ ነጥብ የት እንደገባች ዛሬ እናገኛታለን።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሻምበሉ ሰው አልልክም ብሏል፤ ይበቃኛል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለ ሻምበሉ። «አልፈረምክም እኮ።»

ወጣሁ።